ደሴት ላይ የተቀመጥነው ለቅሶ

ለባለቤቴ ለሩቂያ፤

ሩቂዬ፣ አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ባለፈው ጁምዓ ዱዓ አስደረግንልሽ፤ ሰሚራ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆና ሰደቃውን አዘጋጀች፣ ሰውም ሳይቀር መጣ። ዛሬ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ገዢ ጠፋና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እጄ ለጽሕፈት ሰነፍ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በመሠረተ ትምህርት ከእኔ ቀድመሽ ምስክር ወረቀት ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ፊደሌን አይተሽ ብትስቂም አልቀየምሽም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። በአልጋሽ በኩል ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ሰሚራ ማሠልጠኛውን ጨርሳ እዚሁ ቅርብ አስተማሪ ሆናለች፤ የልጆቹን ደብተር እየተሸከመች ትመጣና ማታ ራት ላይ የሠሩትን ስሕተት እያነበበች ታስቀኛለች። ከጎናችን ጋራዥ ተከፍቷል፣ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ስኳር እንደ ድሮው በኩፖን ከቀበሌው ሕብረት ሱቅ ነው፤ እኔ ጨውና ክብሪት እሸጣለሁ። ከጉርድ ሾላ ወዲያ፣ ሲ.ኤም.ሲ በሚሉት በኩል፣ ስንዴ ይዘራበት የነበረው ሜዳ ቤት በቤት ሆኗል። ቤታችን ግን ጭር ብሏል። ስንት ዓመት ከፋብሪካው የሽመና ማሽን ጋር ስትጯጯሂ ኖረሽ፣ ቤት ውስጥም ጮክ ብለሽ ነበር የምታወሪው። «ሩቂያ፣ እኔ ደንቆሮ አይደለሁም» እያልኩ እቆጣሽ አልነበር? አሁን ጸጥታው አስቸገረኝ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዱዓው ቀን ከፋብሪካ ጓደኞችሽ አንዷ ለሰሚራ፣ «እናትሽ እኮ ከዚያ ሽርሽር ስትመለስ ሌላ ሰው ሆነች» አለቻት። ሰሚራም እንግዳው ሲወጣ፣ «አባዬ፣ እዚያ ምን ሆናችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እነግርሻለሁ አልኳት። ለእሷ ከመንገሬ በፊት ግን ላንቺ የምነግርሽ አለኝ። ያን ቀን ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጥለሽ ስለነበር ያላየሽው ነገር አለ። በሕይወት ሳለሽ ያልነገርኩሽ እንዳትሰጊ ብዬ ነው። ዛሬ የሚያሰጋሽ የለም።

ሽርሽሩን ስንሄድ ልጃችን ነስሩ ከተወሰደብን ስድስተኛው ዓመት ላይ ነበርን። ያኔ እንደ ተወሰደ ለወራት ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለስሽ። አንድ ቀን ጠባቂው ምሳ ዕቃውን እንደሞላ መለሰልሽና «ከእንግዲህ ምግብ እንዳታመጪ» አለሽ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ እናት አልነበረም። ሬሳ አልሰጡንም፣ መቃብር አላሳዩንም። ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም ተባለ። አብዮት ጥበቃዎች ደጃችን ላይ ቆሙ፤ ድንኳን አልተተከለም፤ ጎረቤቱም ፊቱን አዙሮ አለፈ። ፈርቶ ነው፣ ማንም ልጅ አለው። በማግስቱ አንቺ ፋብሪካ ሄድሽ፣ እኔም ሱቄን ከፈትኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጃችን ሞቶ እኛ እንባችንን ውጠን ሥራ ገባን።

«የነስሩ እናት» ይልሽ የነበረው ሰው ሁሉ «የሰሚራ እናት» ማለት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካውን ሰርቪስ ስትጠብቂ ፊትሽን ወደ የካ ተራራ ታዞሪ ነበር፤ ልጆቹን የቀበሯቸው ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው የሚል ወሬ ስለነበር። ምን እንደምታዪ አልጠየቅሁሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም። ስሙን ከጠራነው ሁለታችንም የምንፈርስ መሰለን። እንዲሁ ስለ ጨውና ስለ ላምባ ብቻ እያወራን ኖርን።

በኋላ እንደነገርሽኝ፣ በሽመናው አዳራሽ ማሽኖቹ ሁሉ ሲነሱ፣ ስሙን ጮክ ብለሽ ትጠሪው ነበር። አጠገብሽ ያለችው እንኳ አትሰማሽም። ትርፍ ሰዓት በይ ሲሉሽ እምቢ የማትዪው ለዚህ ኖሯል። እነሱ ትጋት መሰላቸውና ኮከብ ሠራተኛ ብለው መረጡሽ።

ሽልማቱ ሜዳሊያና የሁለት ሰው ሽርሽር ነበር። ከየፋብሪካው የተመረጡ ሠራተኞች በአውቶቡስ በአርሲ አድርገው ወደ ባሌ ተራሮች፣ ከዚያ በሐይቆቹ በኩል ዞረው ደሴት አይተው ይመለሳሉ፤ አስጎብኚ አብሮ ይሄዳል። እኔ ተቆጣሁ። «ከእነሱ እጅ ሽርሽር?» አልኩሽ። አንቺ ሜዳሊያውን ከነማኅደሩ ቁም ሳጥን ላይ ወርውረሽ፣ «ከድር፣ ከማንም እጅ ይሁን፣ ከዚህ ቤት ልውጣ» አልሽኝ። ሰሚራን እህትሽ ዘንድ ትተን ሄድን።

ከተጋባን ጀምሮ ሙሉ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም ነበር። እኔ ከባንኮኒ ኋላ፣ አንቺ ከማሽን ፊት። መስኮቱን የወሰድሽው አንቺ ነሽ፤ «ኮከቡ ማን ሆነና?» ብለሽ። ከአሰላ ወዲያ መንገዱ ሲጠማዘዝ አጥወለወለኝ፤ ሎሚ ቆርጠሽ አሸተትሽኝና፣ «ባለሱቅ ከባንኮኒው ሲወጣ እንዲህ ነው የሚሆነው» አልሽ። ለእኔ በጆሮዬ ያልሽኝ መስሎሽ ነበር፤ በዚያ ድምፅሽ ሾፌሩ ሳይቀር ሰምቶ ሳቀ።

አስጎብኚያችንን አቶ ፍቃዱን ታስታውሽዋለሽ። ቀጭን፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ፣ ማታ ማታ ድምፁ የሚዘጋ ሰው። ለብዙ ዓመት ፈረንጅ ሲያስጎበኝ ኖሮ፣ «ፈረንጅ ፎቶ አንስቶ ዝም ነው፤ እናንተ ግን ትጠይቃላችሁ፣ ደስ ይላል» ይል ነበር። አንቺማ በጥያቄ አደረቅሽው። ዚያራ የሚደረግበት ድሬ ሼህ ሁሴን በመንገዳችን ይገኝ እንደሆነ ጠየቅሽው። «አይገኝም እናቴ፣ እሱ በወዲያ ነው» አለሽ፤ ከዚያ ሾፌሩን አስቁሞ አወረደሽና በእጁ እያመለከተ፣ «ፊትዎን ወደዚህ አዙረው ዱዓዎን ያድርጉ፣ እንጠብቅዎታለን» አለሽ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ጠበቀሽ።

ከፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ካድሬ፣ ጓድ በላይ፣ ግን ሰዓቱን አየ። ጠዋት ጠዋት ከመነሳታችን በፊት አሰልፎ መፈክር የሚያስጮኸን እሱ ነበር። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም፤ ቢሆንም እሱ ባለበት ሳቃችንም ይለካ ነበር። ጎባ ሆቴል ነጭ ኮት የለበሰው አስተናጋጅ «ጓዲት፣ ምን ልታዘዝ?» ሲልሽ ደንግጠሽ ከወንበርሽ ተነሳሽ። ጓድ በላይም ሳቀ። ያን ማታ ከመታጠቢያ ቤቱ ትንሿን ሳሙና ለሰሚራ ብለሽ በመሐረብ ቋጠርሽ። እሷም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ልብሷ መካከል አስቀምጣት ነበር።

ሳነቴ ላይ የሆነውን አልረሳውም። ከጎባ ሽቅብ ወጥተን፣ ዛፉ አልቆ፣ ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ብቻ እንደ ሰው እዚህም እዚያም የቆመበት ሜዳ ላይ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አቶ ፍቃዱ አንድ ቀይ ቀበሮ አሳየንና ሾፌሩን ሞተር እንዲያጠፋ ነገረው። «አሁን ደግሞ ምንም የማይሰማበትን ቦታ ስሙ» አለን። እውነትም ከነፋሱ በቀር ምንም አይሰማም። አንቺ ክንዴን ይዘሽ፣ «ከድር፣ እዚህ ቢጮኹ ማን ይሰማል?» አልሽኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ነበር የተናገርሽው። ምን ልትዪ እንደፈለግሽ ገባኝ። ልመልስልሽ ስል ጓድ በላይ ፎቶ እንነሳ ብሎ መጣ። በፎቶው ላይ ሁለታችንም ካሜራውን አናይም።

የመጨረሻው የዝዋይ ሐይቅ ነበር። በሞተር ጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ስንሻገር ውሃ ስለምፈራ ዓይኔን ጨፍኜ ቁርኣን ስቀራ፣ አንቺ እጅሽን ውሃው ውስጥ አስገብተሽ ትጫወቺ ነበር። ደሴቷ ላይ ስንወርድ ሌሎቹ ከአቶ ፍቃዱ ጋር ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያን ሊያዩ ዳገቱን ወጡ። አንቺ ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ ቀረሽ፣ እኔም ቀረሁ። ከዋርካው ሥር ሴቶች ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሲያወሩ ሰምተሽ ድንግጥ አልሽ። ቋንቋቸው እኛ ስልጢ ያደግንበትን ይመስላል፤ ሁሉ አይገባም፣ ግን መሃል መሃሉን የእናቶቻችን ቤት ቃል ብቅ ይላል። ሄደሽ መካከላቸው ተቀመጥሽ። በእነሱ ትንሽ፣ በኛ ትንሽ፣ በአማርኛም ትንሽ ተግባባችሁ። እንዝርት ሰጡሽ። ስትፈትዪ አይተው አጨበጨቡልሽ።

እኔ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው ሴት እንደ ማንኛዋም ሴት ጠየቀችሽ፤ «ስንት ልጅ አለሽ?»

ለዚህ ጥያቄ በፋብሪካም በቀበሌም ስድስት ዓመት ሙሉ «አንድ» ብለሽ ነበር የምትመልሺው። ያን ቀን ግን «ሁለት» አልሽ።

«ይደጉልሽ» አለችሽ አሮጊቷ።

እንዝርቱ ከእጅሽ ወደቀ። «ትልቁ ከእንግዲህ አያድግም» አልሽ። ከዚያ ጮኽሽ። ሩቂዬ፣ ያን ድምፅ ከየት አመጣሽው? ስድስት ዓመት የታመቀ ነበር። ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣልሽ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ያላየሽው።

አሮጊቷ እንዴት ሞተ፣ መቼ ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ጥጧን ወደ ጎን አደረገች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና አጠገብሽ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ ወደ ቤቶቹ ሮጠች። ትንሽ ቆይቶ ሴቶች በዚያም በዚህም እያለቀሱ መጡ፤ ወንዶቹ መረባቸውን ከጀልባ ላይ ጥለው፣ እግራቸው እንደረጠበ፣ ትይዩ ተደርድረው ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ መጥቶ ክንዴን ያዘና ከወንዶቹ መካከል አስቀመጠኝ። የሰው ሲቃ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር።

«ስሙ ማን ነው?» አሉሽ። ነገርሻቸው። ነስሩ፣ ነስሩዬ እያሉ፣ አሳድገው እንደሸኙት ሰው አለቀሱለት። አንቺም ሁሉን ነገርሻቸው። ቁመቱ ከበራችን ጉበን እንደሚበልጥ፣ ኳስ እየተጫወተ ጫማ በየወሩ እንደሚጨርስ፣ የካ ተራራ ላይ ዛፍ ተደግፎ እንደሚያጠና፣ ስትደክሚ እግርሽን እንደሚያጥብሽ። እግርሽን ያጥብሽ እንደነበር እኔ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ሰማሁ።

በዚህ መካከል ጓድ በላይ ከሌሎቹ ቀድሞ ዳገቱን ወርዶ መጣ። ቆሞ አየን። «ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው የሞተው?» አለ።

ሰሚራ ወላጅ አልባ ስትሆን በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። አሮጊቷ ቀና ሳትል በአማርኛ መለሰችለት፤

«ልጃችን ነው። ልጃችን ሞቶብን ነው።»

አቶ ፍቃዱ ከኋላው ደረሰ። አንቺን ከሴቶቹ መካከል አየሽ፤ እኔን አየኝ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ጓድ በላይ፣ ለቅሶ ታልፎ አይኬድም፤ ያገሩ ደንብ ነው» አለና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

ጓድ በላይ ቆሞ ቀረ። ሹራብሽን ሳምንቱን ሙሉ አይቶታል፤ ከዚያ ሁሉ ነጭ ነጠላ መሃል ሰማያዊው ሹራብ ያንቺ ብቻ ነው። አንቺን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ቆቡን አውልቆ እኔ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ለደሴቱ ሰዎች ይሁን ለእኔ፣ እስካሁን አላውቅም። እግዜር የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ሠራተኞቹም ከዳገቱ ሲወርዱ አንድ በአንድ እየመጡ ተቀመጡ። ማንም አልጠየቀም። ሩቂዬ፣ ለልጃችን ለቅሶ የደሴቱ ሰው፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰውና ካድሬውም ጭምር ተቀምጧል። ይህን እንድታውቂ ነው የጻፍኩልሽ።

ጀልባው ሲነሣ አሮጊቷ እስከ ውሃው ዳር ሸኝታ ፊትሽን በእጇ ጠርጋ ሳመችሽ። በማግስቱ ጠዋት ከአውቶቡሱ ፊት እንደ ልማዳችን ተሰለፍን። ጓድ በላይ መፈክር አላስጮኸንም። «ግቡ፣ እንሂድ» ብቻ አለ። ጉሮሮው ታሞ ይሁን ሌላ፣ ምን አውቃለሁ? አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ለወራት ቀበሌ ይጠሩኛል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ። ማንም አልጠራኝም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንዴት እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ከሞጆ ጀምረሽ አዲስ አበባ እስክንገባ ስለ ነስሩ አወራሽኝ፤ እኔም አወራሁሽ። አንድ ጊዜም ሁለታችንም ሳቅን። በሳምንቱ ሸሚዙን ከሳጥን አውጥተሽ አጥበሽ ለሰደቃ ሰጠሽ። ሰርቪስ ስትጠብቂ ወደ የካ ተራራ ማየቱን አልተውሽም፤ ግን ቆመሽ ፋቲሃ መቅራት ጀመርሽ። ማታም ከሱቅ ስመለስ ቡና ሳይሆን ወሬ ይዘሽ ትጠብቂኝ ነበር። የጥጡ ብናኝ ሳንባሽን እስኪጨርሰው ድረስ ያሉትን ዓመታት እኔ እንደ ሁለተኛ ሠርግ ነው የምቆጥራቸው።

አሁን ደግሞ የራስሽን ለቅሶ ልንገርሽ፤ እሱንም አላየሽም።

ኮልፌ ቀብረንሽ ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሞልቶታል። የቀበሌው ሊቀመንበርም በደንቡ መጥቶ ተቀምጧል። ሰው በየተራ ይገባል፣ «የሰሚራ እናት» እያለ ያለቅስልሻል። ከዚያ ጎረቤታችን አስካለ መጣች። ያኔ፣ ነስሩ የሞተ ሰሞን፣ ከውሃ ቦኖ ስትመለሽ ፊቷን አዙራ ያለፈችሽ አስካለ። ከድንኳኑ በር ላይ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ «የነስሩ እናት! የነስሩ እናት! ልጅሽን ሳላለቅስልሽ!» ብላ ጮኸች።

ሊቀመንበሩን አየሁት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ «የነስሩ እናት» አለች፣ ሌላዋም ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሁሉም። ሁለታችሁንም አንድ ላይ አለቀሱላችሁ። የእድራችን ዳኛ፣ ያ ሽበታም ሰውዬ፣ ከፊቴ መጥቶ ቆመና፣ «ከድር፣ ለሁለቱም ነው የመጣነው። ዘግይተናል፤ ይቅር በለን» አለኝ። ተነሥቼ አቀፍኩት። ሊቀመንበሩም ሲወጣ እጄን ጨብጦኝ ወጣ።

ሩቂዬ፣ አልረሳሽም። ሶላት ላይ ስምሽን ከነስሩ ስም ለይቼ አልጠራም። ሰሚራ ልጅ ስትወልድም፣ አላህ ካደረሰኝ፣ አያትህ ደፋር ነበረች፣ አጎትህም የእናቱን እግር የሚያጥብ ልጅ ነበር ብዬ እነግረዋለሁ። እኔ ባልደርስ እንኳ የሚነግረው እንዳይጠፋ ነው ዛሬ ለሰሚራ የምነግራት።

ይኸው፣ ደብተሮቿን ታቅፋ መጣች። «አባዬ፣ ምን እየጻፍክ ነው?» እያለችኝ ነው። ገዢዎችም ደጅ ላይ ቆመዋል፣ ከቀበሌ አንድ ሰውም አለ። ግድ የለም። «ነይ ተቀመጪ፣ ስለ ወንድምሽ ልንገርሽ» አልኳት፤ ጮክ ብዬ፣ እንዳንቺ።

ያንቺው ከድር